የጋራዥ በር መክፈቻ ሲጠፋ፦ በሩን ሳያበላሹ ቁልፉን የመቀየር አሠራር ለድሬዳዋ ቤቶች

ድሬዳዋ ውስጥ የጋራዥ በር መክፈቻ የጠፋበት ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያስበው ባለ ግራይንደር መጥራትን ነው። ባለ ግራይንደሩ መጥቶ ቁልፉን ከነላሜራው ይቆርጠዋል፤ ከዚያ በያጅ ተጠርቶ የተቆረጠው ቦታ ይለጠፋል፣ ይሞረዳል፣ ቀለም ይቀባል። በአንድ ካቻቢቴ ሊያልቅ የሚችል ሥራ የሁለት ባለሙያ ወጪ ያስወጣል፣ በሩም ላይ ዕድሜ ልኩን የማይጠፋ ጠባሳ ይቀራል። ይህ መመሪያ የሚከተለው ቅደም ተከተል የተለየ ነው፤ በቅድሚያ ወደ ውስጥ የሚገቡበትን መንገድ መፈለግ፣ ቀጥሎ ቁልፉን ከውስጥ ፈትቶ ማውጣት፣ ከዚያም ለክቶ መግዛትና መግጠም ነው። ማንኛውም የበር ቁልፍ የተሠራው ውጭ የቆመውን ሰው ለማስቆም ነው፤ ውስጥ ለቆመ ሰው ግን የሚታዩት ጥቂት ብሎኖች ብቻ ናቸው። መብሳትና መቁረጥ ሌላው መንገድ ሁሉ ሲዘጋ የሚመጡ ናቸው።

ጋራዥ ሲባል እዚህ የታሰበው መኪና የሚጠገንበት ቦታ ሳይሆን በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ወይም በመንገድ ዳር ያለው የመኪና ማሳደሪያ ነው። አሠራሩ ለባጃጅ ማሳደሪያም ሆነ ለዕቃ ቤት ያገለግላል።

ካቻቢቴ ከማንሳትዎ በፊት

ሁለተኛው መክፈቻ የት እንዳለ ያጣሩ። አዲስ ቁልፍ ሲገዛ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት መክፈቻ አብሮ ይመጣል፤ አንዱ ሾፌሩ ጋ፣ አንዱ ዘበኛው ጋ፣ አንዱ ከሦስት ዓመት በፊት ቤቱን ለተከራየው ሰው ተሰጥቶ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የተረፈ መክፈቻ ከተገኘ በሩ ይከፈታል፤ ሆኖም የጠፋው በማን እጅ እንዳለ ካልታወቀ ቁልፉን መቀየሩ አይቀርም። መክፈቻው ግቢ ውስጥ ወይም ራቅ ያለ ሜዳ ላይ ወድቆ ከሆነ፣ የማን እንደሆነም የሚያመለክት ነገር ከሌለው፣ ቁልፉን ፈትቶ ወደ ቁልፍ ቀራጭ መውሰድና አዲስ መክፈቻ ማሠራት ይበቃል። ከመታወቂያ፣ ከመንጃ ፈቃድ ወይም ከመኪናው ቁልፍ ጋር አብሮ ከጠፋ ግን ያገኘው ሰው አድራሻውንም አብሮ አግኝቷል ማለት ነውና ሲሊንደሩን፣ ማለትም መክፈቻው የሚገባበትን የቁልፉን ክፍል፣ ሳያድሩ ይቀይሩ።

ቤቱ የኪራይ ከሆነ ለአከራዩ አስቀድመው ያሳውቁ፣ ከአዲሶቹ መክፈቻዎችም አንዱን ስለመስጠት ይስማሙ። ባለሙያ የሚጠሩ ከሆነ ቤቱ የእርስዎ ወይም እርስዎ የሚኖሩበት መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ያዘጋጁ፤ ይህን ሳይጠይቅ በር የሚከፍት ቁልፍ ቀራጭ ነገ ለሌላ ሰውም የእርስዎን በር ሳይጠይቅ ይከፍታል። ለጎረቤትም አንድ ቃል ጣል ማድረግ ተገቢ ነው። በር ላይ የመሰርሰሪያ ድምፅ የሰማ ጎረቤት ዝም ብሎ ማለፍ የለበትም፤ እርስዎም ያ ጎረቤት ዝም ብሎ የሚያልፍ እንዲሆን አይፈልጉም።

ሥራውን በጠዋት ይጀምሩ። ፀሐይ የመታው ላሜራ ከረፋዱ በኋላ እጅ አያስነካም። የጎደለ ዕቃ ለመግዛት ቢወጡም ከ6 ሰዓት በኋላ አብዛኛው ሱቅ ይዘጋል፣ የሚከፈተውም ጥላ ሲረዝም ነው። ቁልፍ የሌለው በር ፊት ለፊት እስከዚያ መቀመጥ የሚያስደስት አይደለም።

የበርዎን ዓይነት ይለዩ

እኛ ዘንድ በብዛት የሚገኘው ከቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት ከሆነ የብረት ቱቦ) ወይም ከአንግል ብረት በተሠራ ማዕቀፍ ላይ ላሜራ የተበየደበት ባለ ሁለት ተከፋች በር ነው። አንዱ ተከፋች ከላይና ከታች በሚገቡ መቀርቀሪያዎች ይያዛል፤ ሌላው በእርሱ ላይ ይቆለፋል። ቁልፉ ከውስጥ በኩል ላሜራው ላይ የተለጠፈ የብረት ሳጥን ሲሆን ከውጭ የሚታየው የሲሊንደሩ ፊት ብቻ ነው። ሳቢያን አካባቢ ባሉ አዳዲስ ቤቶች ደግሞ ቱቦላሬው ውስጥ የሚቀበር፣ በመካከሉ ክብ ራስና ጠፍጣፋ አካል ያለው ሲሊንደር የሚገባበት ቁልፍም ይገጠማል። በሦስተኛ ደረጃ ከውጭ በጓጉንቸር ብቻ የሚዘጋ በር አለ። በመንገድ ዳር ያሉ ሱቆች ወደ መኪና ማሳደሪያነት ሲለወጡ የሚቀረው ተጠቅላይ በር አራተኛው ነው።

ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ሸመንደፈር (ባቡሩ) በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ በተሠሩት አሮጌ ቤቶች፣ አልፎ አልፎ ረጅም ዘንግና በጫፉ ጥርስ ያለው ትልቅ መክፈቻ የሚወስድ ቁልፍ ይገኛል። ይህ ዓይነት ቁልፍ ፒን (ሲሊንደር ውስጥ በመክፈቻው ጥርስ የሚገፉ ትናንሽ ዘንጎች) እና ሲሊንደር የለውም፤ በውስጡ ያሉት በሞላ የሚገፉ ጠፍጣፋ ብረቶች ናቸው። በምንም ምክንያት አይብሱት፣ አይቁረጡት። ፈትተው አውጥተው በሞረድ መክፈቻ መሥራት ለሚችል ብረት ሠራተኛ ይስጡት፤ በከተማዋ የባቡር ጥገና ወርክሾፕ ስለነበረ የእጅ ሥራ የሚያውቁ ባለሙያዎች በድሬዳዋ ብርቅ አይደሉም፣ ቁልፉም ዛሬ ከሚሸጡት የሚበልጥ ጥንካሬ አለው።

ወደ ውስጥ መግባት

ግቢው በትልቁ በር ውስጥ ወይም አጠገቡ የሰው መግቢያ ትንሽ በር ካለው፣ ወይም ጋራዡ ከቤቱ ጋር በውስጥ በር የሚገናኝ ከሆነ፣ የሥራው ግማሽ አልቋል። ገብተው የመጀመሪያውን ነገር ያድርጉ፦ የቋሚውን ተከፋች የላይና የታች መቀርቀሪያዎች ይሳቡ። ሁለቱን ተከፋቾች በአንድነት ሲስቡ፣ ወይም በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ በአንድነት ሲገፉ፣ የቁልፉ ምላስ፣ ማለትም ወጥቶ በሌላው ተከፋች ላይ ወዳለው መቀበያ ቀዳዳ የሚገባው ብረት፣ በመክፈቻ ሳይመለስ ሁለቱም አብረው ይከፈታሉ። ይህን የማያውቅ ባለቤት ጥቂት አይደለም። በሩ እንዲህ ከተከፈተ መኪናውን አውጥተው ሥራዎን ይሂዱና ቁልፉን በሌላ ጊዜ በእርጋታ ይቀይሩ፤ እስከዚያ ድረስ መቀርቀሪያዎቹን ከውስጥ መመለስ በሩን ይዘጋዋል።

ሌላ መግቢያ ከሌለ በአጥር ስለመውጣት ከማሰብዎ በፊት በአጥሩ ላይ ምን እንዳለ ይመልከቱ። ብዙ ግቢ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ወይም እሾሃማ ሽቦ አለ፣ አንዳንዱም አጠገብ የመብራት ገመድ ያልፋል። ወጣት ጎረቤት በመሰላል በጎረቤት ግቢ በኩል ቢያልፍ ይሻላል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ጠፍጣፋና ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ 10 እና 13 ቁጥር መፍቻ፣ ሜትር፣ ሞረድ፣ ሴጌቶ (የብረት መጋዝ)፣ መዶሻ፣ ትንሽ ነጭ ጋዝ እና አንድ የእርሳስ ቁራጭ ይበቃሉ። ከውስጥ መግባት ካልተቻለ ትራፓኖ (መሰርሰሪያ)፣ 3 ሚሊ ሜትርና 6 ሚሊ ሜትር የብረት ፑንታ (የመሰርሰሪያው መብሻ ጫፍ)፣ እንዲሁም የዓይን መከላከያ መነጽር ይጨመራሉ። ትራፓኖው በባትሪ የሚሠራ ቢሆን ይመረጣል፤ መብራት በመካከል ቢጠፋ ግማሹ የተበሳ ሲሊንደር ካልተነካው ይልቅ ያስቸግራል።

የሳጥን ቁልፍን ከውስጥ ማውጣት

በመጀመሪያ ቁልፉን በስልክዎ ከፊት፣ ከጎንና ከመቀበያው በኩል ፎቶ ያንሱት። ሱቅ ውስጥ በቃል ከሚገልጹት ፎቶው የበለጠ ይናገራል፤ ስትገጥሙም የትኛው ወደ ላይ እንደነበር ያስታውሳል።

በሁለተኛ ደረጃ ሳጥኑን የያዙትን ብሎኖች ይፍቱ። ዝገት ከያዛቸው ነጭ ጋዝ ጠብ አድርገው ለግማሽ ሰዓት ያህል ይተዋቸው፣ ከዚያም መፍታት ከመጀመርዎ በፊት ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ በትንሹ ይሞክሯቸው። ዝገቱ ሲሰበር ትንሽ የጥቅታ ድምፅ ይሰጣል፤ ያንን ከሰሙ በኋላ ብሎኑ በቀላሉ ይመለሳል። በኃይል ብቻ የሚፈታ ሰው የብሎኑን ራስ አጥፍቶ መብሳት ይገደዳል። አንዳንድ በያጆች ብሎን ትተው ሳጥኑን በሁለት ወይም በሦስት የብየዳ ነጥብ ስለሚይዙት መጀመሪያ ጠርዞቹን ይመልከቱ፤ የብየዳ ነጥብ ካለ በሴጌቶ ወይም በቀጭን የግራይንደር ዲስክ ነጥቡን ብቻ ይቁረጡ፣ ላሜራውን አይንኩ።

በሦስተኛ ደረጃ ሳጥኑ ሲነሳ ከሲሊንደሩ ጀርባ የሚወጣ ጠፍጣፋ የብረት ጭራ ያያሉ። ይህ ጭራ ነው ወደ ሳጥኑ ገብቶ ምላሱን የሚያንቀሳቅሰው። ሲሊንደሩን ራሱን የሚይዙት ከጀርባ የሚገቡ ሁለት ረጃጅም ብሎኖች ናቸው፤ እነርሱን ሲፈቱ ሲሊንደሩ በውጭ በኩል ይወድቃልና አንድ ሰው ውጭ ቆሞ ይያዘው።

እዚህ ላይ ሁለት ምርጫ አለዎት። ሳጥኑ ጤነኛ ከሆነ፣ ምላሱም ሳይንገዳገድ የሚገባና የሚወጣ ከሆነ፣ ሲሊንደሩን ብቻ ይቀይሩ። የውስጡ ሞላ ከላላ ወይም ሳጥኑ በዝገት ከተበላ ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቀየር ገንዘብ መቆጠብ ነው፤ አሮጌ ሳጥን ላይ አዲስ ሲሊንደር የገጠመ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ወደዚያው ሱቅ ይመለሳል።

ከውጭ ብቻ መሥራት ግዴታ ሲሆን

ይህ ክፍል የሚመለከተው ወደ ውስጥ መግባት በፍጹም ያልተቻለበትን ሁኔታ ነው። ሲሊንደሩ ከዚህ በኋላ አያገለግልም።

ክብ ራስና ከሥሩ ጠፍጣፋ አካል ያለው ሲሊንደር ከሆነ፣ ፒኖቹና ሞላዎቻቸው የሚገኙት ከመክፈቻው ቀዳዳ በታች ነው። የሚዞረው ክብ ክፍልና የማይዞረው አካል የሚገናኙበትን መስመር በነጥብ መምቻ ወይም በምስማር ጫፍ ምልክት ያድርጉ፤ ይህ መስመር ከመክፈቻው ቀዳዳ የታችኛው ጫፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይገኛል። በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ፣ ትራፓኖውን ቀጥ አድርገው በዝግታ ፍጥነት መብሳት ይጀምሩ። መጀመሪያ የሚወጣው ብናኝ ቢጫ የነሐስ ነው። ፑንታው ከአንዱ ፒን ወደ ቀጣዩ ሲሻገር እጅ ላይ የምትሰማ ትንሽ መዝለል አለች፤ በብናኙም መካከል የተሰባበረ የሞላ ሽቦ ብልጭ ማለት ይጀምራል። አምስት ፒን ያለው ሲሊንደር ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያስፈልገዋል። ከዚያ በ6 ሚሊ ሜትር ፑንታ ያንኑ ቀዳዳ ያስፉ፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ በመክፈቻው ቀዳዳ አስገብተው ያዙሩ። ካልዞረ አንድ ፒን ቀርቷልና ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይጨምሩ እንጂ በመዶሻ አይምቱት። ፑንታው ፈጽሞ የማይበላ ጠንካራ ነገር ካገኘ ሲሊንደሩ መብሳትን የሚከላከል ብረት ስላለው ነው፤ በዚህ ጊዜ ለጠንካራ ብረት የተሠራ ፑንታ ያስፈልጋል፣ አለዚያም ባለሙያ ይጥሩ።

በሩ ከተከፈተ በኋላ በተከፋቹ ጠርዝ ላይ፣ ከምላሱ በታች፣ ሲሊንደሩን የያዘውን አንድ ረጅም ብሎን ይፍቱ። በሲሊንደሩ መካከል ያለው የሚዞር ጥርስ ከአካሉ ጋር እስኪስተካከል ድረስ በካቻቢቴው በጥቂቱ እያዞሩ ሲሊንደሩን ይሳቡት፤ ጥርሱ ወደ ጎን ወጥቶ እያለ የቱንም ያህል ቢጎትቱ አይወጣም።

ጓጉንቸር ከሆነ መጀመሪያ ቀለበቱን በሞረድ ጫፍ ይፈትኑት። ሞረዱ ጭረት ከተወ ብረቱ ለስላሳ ነውና ባለ 24 ጥርስ የሴጌቶ ምላጭ ይቆርጠዋል። ሞረዱ ምንም ሳይዝ ከተንሸራተተ ቀለበቱ ጠንካራ ነው፤ በሴጌቶ ጊዜ አያጥፉ፣ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የግራይንደር ዲስክ ይጠቀሙ። የተቆረጠው ቀለበት ዞሮ የማይወጣ ዓይነት ከሆነ ሁለቱም ወገን መቆረጥ አለበት። አንዳንድ ሰው ጓጉንቸሩን ትቶ በሩ ላይ የተበየደውን ጆሮ ይቆርጣል፤ ጆሮው ለስላሳ ብረት ስለሆነ ፈጥኖ ይለቃል፣ ግን ብየዳ ያስከትላልና አልመክረውም።

ስለ ግራይንደር አንድ ነገር በጥብቅ መባል አለበት። ጋራዥ ውስጥ የቤንዚን ጀሪካን፣ የዘይት ጨርቅና ነዳጅ የያዘ መኪና ይኖራል፤ ብልጭታው ደግሞ በበሩ ክፍተት ገብቶ ብዙ ሜትር ይሄዳል። ከበሩ ጀርባ ምን እንዳለ በእርግጠኝነት ካላወቁ ግራይንደር አያስነሱ። መኪናው ቅርብ ከሆነና መድረስ ከቻሉ በእርጥብ ጆንያ መስተዋቱን ይሸፍኑ፤ የጋለው የብረት ብናኝ መስተዋት ላይ ተጣብቆ የማይለቅ ነጠብጣብ ይተዋል። የዲስኩን መሸፈኛ አውልቆ የሚሠራ ባለሙያ ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ።

ለክቶ መግዛት

አሮጌውን ቁልፍ በፌስታል ይዘው ወደ ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ይሂዱ። ይህ ሁሉንም ልኬት ይተካል፤ ሆኖም ባለሱቁ “ይኼም ያው ነው” ሲል መስማማት ያለብዎት እነዚህን ካመሳከሩ በኋላ ነው። ለሳጥን ቁልፍ ከተከፋቹ ጠርዝ እስከ ሲሊንደሩ መካከል ያለው ርቀት፣ ይህም ብዙ ጊዜ 50፣ 60 ወይም 70 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሲሊንደሩ ቀዳዳ ስፋት፤ የሳጥኑ ብሎን ቀዳዳዎች አቀማመጥ፤ እንዲሁም የግራ ወይስ የቀኝ መሆኑ አንድ መሆን አለባቸው። ርቀቱ በ10 ሚሊ ሜትር የተለየ ቁልፍ ከገዙ ላሜራው ላይ አዲስ ቀዳዳ መክፈት ግድ ይሆናል፣ አሮጌውም ቀዳዳ በጎኑ ክፍት ይቀራል።

ለሚቀበር ሲሊንደር ከብሎኑ ቀዳዳ መካከል እስከ ሁለቱ ጫፎች ድረስ ለየብቻ ይለኩ። 30 እና 30 ከሆነ ጠቅላላው 60 ሚሊ ሜትር ነው፤ 30 እና 40 የሆነውን በ35 እና 35 መተካት አይቻልም፣ ምንም እንኳ ሁለቱም 70 ቢሆኑ። በውጭ በኩል ከበሩ ገጽ ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ የሚወጣ ሲሊንደር በፒንሳ ተይዞ ሊሰበር ስለሚችል አጠር ያለውን ይምረጡ።

ዋጋው ርካሽ የሆነውን ሲሊንደር ከውድ የሚለዩበት ቀላል ዘዴ ሁለቱን በእጅ መመዘን ነው። ሙሉ የነሐስ የሆነው ይከብዳል፤ ቀለሙ ብቻ ቢጫ የሆነው ቀላል ነው፣ ሙቀትና አቧራም ቶሎ ያደክመዋል። ሱቁ ውስጥ እያሉ እያንዳንዱን መክፈቻ አስገብተው ያዙሩ። ከአምስቱ አንዱ የማይዞር መሆኑን ቤት ደርሶ ማወቅ የተለመደ ነው።

መግጠም

ሲሊንደሩን በውጭ በኩል አስገብተው ከውስጥ በሁለቱ ብሎኖች ይያዙት፣ ገና አያጥብቁት። የሱቅ ሲሊንደር ጭራ የሚሠራው ለወፍራም የእንጨት በር ስለሆነ ለላሜራ ሁልጊዜ ይረዝማል። ላሜራውን አልፎ ወደ ሳጥኑ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር እንዲገባ አድርገው ይለኩትና በጭራው ላይ ካሉት ጭረቶች በቅርቡ ባለው በፒንሳ ይስበሩት። የረዘመ ጭራ የሳጥኑን ጀርባ ስለሚገፋ ቁልፉ ብሎኑ ሲጠብቅ ይይዛል፣ ሲላላ ይሠራል፤ ይህን ምልክት ያየ ሰው ቁልፉን “ብልሹ ነው” ብሎ ከመመለሱ በፊት ጭራውን ይመልከት። ረጃጅሞቹ ብሎኖችም እንዲሁ ይቆረጣሉ።

ሳጥኑን የሚይዙት ብሎኖች ላሜራውን ብቻ ከነከሱ በሩ በተመታ ቁጥር ይላላሉ፤ የበሮቻችን ላሜራ ቀጭን ነውና ብሎን የሚይዝበት ጥርስ የለውም። ከውጭ ራሱ ክብና ካቻቢቴ የማይይዘው ብሎን አሳልፈው ከውስጥ ሮንዴላና ዳዶ ያስገቡ። በዚህ ዘዴ ማንም ከውጭ ሊፈታው አይችልም።

አሁን በጣም ጥንቃቄ ወደሚጠይቀው፣ ብዙውን ጊዜም ችላ ወደሚባለው የመቀበያ ሥራ እንምጣ። ብረት በአንድ ሜትር ርዝመት፣ በእያንዳንዱ የአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ለውጥ፣ 0.012 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ትንሽ ቁጥር ይመስላል። ነገር ግን 3 ሜትር ስፋት ያለው ባለ ሁለት ተከፋች በር፣ ከንጋት ቅዝቃዜው እስከ ቀትር ግለቱ በ30 ዲግሪ ቢለያይ፣ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ጥቁር ወይም ጥቁር አረንጓዴ የተቀባና ፀሐይ ፊት ለፊት የሚመታው በር ልዩነቱ ከዚህም ሊያልፍ ይችላል። ምሰሶው ኮንክሪት ስለሆነ እንደ ላሜራው ቶሎ አይሞቅም፣ በሩም ሲሰፋ መሄጃ ያጣል። ከዚህ በላይ ደግሞ የውጭው ገጽ ግሎ የውስጡ ማዕቀፍ በጥላ ስለሚቆይ ተከፋቹ በትንሹ ይጎብጣል። ጠዋት ላይ ያለ እንከን የሚዞር ቁልፍ ከሰዓት በኋላ የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው፤ መክፈቻም ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ባለቤቱ በዚያ ሰዓት በኃይል ሲያዞር ነው። ሐረር ላይ፣ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ፣ ይህ ችግር ያን ያህል አይታይም፤ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ግን ያለ እርሱ ሥራው አያልቅም።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። በምላሱ ጫፍ ላይ ጠመኔ ወይም ከሰል ይቀቡ፣ በሩን ዘግተው ምላሱን ያስወጡና ይመልሱ፤ መቀበያው ላይ የት እንደመታ ምልክቱ ያሳይዎታል። ምልክቱ ከቀዳዳው በታች ከዋለ ተከፋቹ ዝቅ ብሏል ማለት ነው፤ መቀበያውን ከመሞረድ ይልቅ ማጠፊያዎቹን ይመርምሩ፣ ያለቀ ማጠፊያ ነገም ዝቅ ማለቱን ይቀጥላልና። ምልክቱ ከቀዳዳው ጋር ከተስተካከለ ቀዳዳውን ከምላሱ ዙሪያ በእያንዳንዱ ወገን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ያስፉ፣ በሁለቱ ተከፋቾች መካከልም ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖሩን ያረጋግጡ። መቀበያው በብሎን የሚያዝ ከሆነ የብሎኑን ቀዳዳ በሞረድ ወደ ጎን ያርዝሙት፤ በኋላ ለማስተካከል ቦታ ይሰጣል። በያጅ መቀበያውን ወዲያው እንዲበይድ አይፍቀዱ።

በሩን ከመዝጋትዎ በፊት፣ ተከፋቹ ክፍት እንዳለ፣ ሁሉንም መክፈቻ ከውጭም ከውስጥም አስገብተው ምላሱን ደጋግመው ያስወጡና ይመልሱ። ይህን ሳያደርግ በሩን የሚዘጋ ሰው ወደዚህ መመሪያ መጀመሪያ ይመለሳል።

ተጠቅላይ በር

የተጠቅላይ በር ቁልፍ በበሩ መካከል ተቀምጦ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሁለት ጠፍጣፋ ዘንጎችን ወደ ሐዲዱ ይገፋል። ከውስጥ ከደረሱ ዘንጎቹን በእጅ ወደ መካከል መሳብ ይቻላል፤ ቁልፉም በብሎን ከተያዘ እንደ ሳጥን ቁልፍ ይፈታል፣ በሪቬት ከተያዘ የሪቬቱ ራስ በ6 ሚሊ ሜትር ፑንታ ተበስቶ ይወድቃል። አዲሱን በብሎንና በዳዶ ይተኩት። መሬት ላይ በጓጉንቸር የሚዘጋው ደግሞ ከላይ በተባለው መንገድ ይስተናገዳል። ከበሩ በላይ ያለውን ሲሊንደራዊ ጥቅልል ግን አይንኩ፤ በውስጡ ያለው ሞላ የበሩን ክብደት የሚሸከም ኃይል ታምቆበታል፣ በድንገት ቢለቅ ክንድ ይሰብራል። የቁልፉ ሥራ ከዚያ ጥቅልል ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

አቧራና ቅባት

የደቻቱ ወንዝ ውሃ የሚያየው በጎርፍ ጊዜ ብቻ ነው፤ በቀረው ጊዜ አሸዋው ከነፋስ ጋር ወደ ከተማው ይገባል፣ መጨረሻውም የመክፈቻ ቀዳዳ ውስጥ ነው። የሞተር ዘይት ወይም ግሪስ ሲሊንደር ውስጥ አይጨምሩ። ዘይት ለጊዜው ያለሰልሳል፤ ከዚያ አቧራውን ይዞ ፒኖቹን እንደ ጭቃ ያጣብቃቸዋል። የእርሳስ ውስጡን በምላጭ ፈቅፍቀው ብናኙን መክፈቻው ላይ ይቀቡና ጥቂት ጊዜ ያስገቡ፣ ያውጡ። ግሪስ የሚገባው ለማጠፊያዎችና ለመቀርቀሪያዎቹ ብቻ ነው፣ ያውም በስሱ። ሲሊንደሩ ላይ የምትወዛወዝ ትንሽ መሸፈኛ ያለው ከተገኘ ጥቂት ጨምሮ መግዛት ያዋጣል፤ ከሌለም ከአሮጌ የመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ የተቆረጠ ምላስ ከላይ በአንድ ብሎን ተይዞ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

የቀሩ ሥራዎች

ያልተፈለጉ አሮጌ ቀዳዳዎችን በብሎንና በሮንዴላ ይድፈኑ፣ የተሞረደውንና የተበሳውን ቦታ ሁሉ አንትረስት ቀብተው ሲደርቅ በበሩ ቀለም ይሸፍኑት፤ ክረምት ሳይመጣ ይህን ያላደረገ ሰው በነጠብጣቡ ዙሪያ ቡናማ መስመር ሲወርድ ያያል። ከመክፈቻዎቹ አንዱን ከቤቱ ውጭ፣ ለምሳሌ ዘመድ ቤት፣ ያስቀምጡ። መክፈቻው ላይ የቤት ቁጥርም ሆነ የሰፈር ስም አይጻፍበት፤ የቀለም ምልክት ይበቃል። ጤነኛ ሆኖ የተረፈውን አሮጌ ሳጥን ለቁልፍ ቀራጩ ቢሰጡት መለዋወጫ ያደርገዋል።

የመቀበያውን ብሎኖች ግን እስከዚህ ድረስ በከፊል ብቻ አጥብቀው ይተዉአቸው። በሚቀጥለው ቀን ፀሐይ በሩን በደንብ ከመታችው በኋላ፣ ወደ 9 ሰዓት አካባቢ፣ ቁልፉን ቆልፈው ይክፈቱ። መክፈቻው በሁለት ጣት ካልዞረ ምላሱ የትኛውን ወገን እንደሚነካ በጠመኔ እንደገና ይመልከቱና መቀበያውን ወደዚያው ወገን በአንድ ሚሊ ሜትር ያሽሹት። በማግስቱ ንጋት ላይም አንድ ጊዜ ይሞክሩት፤ በሁለቱም ሰዓት እኩል ከዞረ ብሎኖቹን ጨርሰው ያጥብቁ።